«ጎ» ሄዶ «ዌንት» ሆኖ የተመለሰው ለምንድን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ቃል ዙሪያ የመጡ ናቸው፤ «ሄደ» ብለን በምንተረጉመው የእንግሊዝኛ ግስ፣ በ«ጎ»። ሁለት ፊደል ብቻ ያላት ቃል ናት፤ ጣጣዋ ግን ብዙ ነው። የእንግሊዝኛውን ቃል እንደ ድምፁ በራሳችን ፊደል ጽፈነዋል፤ የአጻጻፍ ነገር ሲነሣ ፊደሎቹን በስማቸው እንጠራለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ «ዎክ» ብሎ «ዎክድ»፣ «ፕሌይ» ብሎ «ፕሌይድ» ይላል። «ጎ» ግን «ዌንት» ይሆናል። አንድ እንኳ የሚጋሩት ፊደል የለም። ተማሪዎቼ «ለምን?» ሲሉኝ «እንዲሁ ነው፣ ሸምድዱት» ማለት ሰለቸኝ። ምክንያት አለው?

መልስ፦ አለው። «ዌንት» የ«ጎ» ልጅ አይደለም፤ ከሌላ ግስ የመጣ የማደጎ ልጅ ነው። ወላጁ «ዌንድ» ይባላል። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ዌንዳን» ማለት መጀመሪያ «አዞረ፣ መለሰ» ነበር፤ ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ያዞረ ሰው ደግሞ ወደዚያው መሄዱ ስለማይቀር፣ ትርጉሙ እየሰፋ «አቀና፣ ሄደ» ወደሚለው ደረሰ። ኃላፊ ጊዜው «ዌንት» መሆኑ ምንም አያስገርምም፦ «ሴንድ» «ሴንት»፣ «ቤንድ» «ቤንት»፣ «ሌንድ» «ሌንት»፣ «ስፔንድ» «ስፔንት» ይል የለ? ይህን ረድፍ ሰሌዳው ላይ ይጻፉና መጨረሻው ላይ «ዌንድ» «ዌንት» ብለው ይጨምሩበት። ተማሪዎቹ በዓይናቸው ስለሚያዩት ሽምደዳው ይቀርላቸዋል።

የሚገርመው፣ ግሱ ያኔም ደኅና አልነበረም። ከ1100 በፊት በነበረው እንግሊዝኛ «መሄድ» «ጋን» ሲሆን፣ «ሄደ» ግን «ኤኦዴ» ነበር። ይህም ከ«ጋን» ጋር በሥር አይገናኝም፤ ከየት እንደመጣ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከሩበታል። «ኤኦዴ» እየተሸራረፈ «የዴ»፣ «ዮዴ» ሆነና ደከመ፤ በ1500 አካባቢ በደቡቡ እንግሊዝኛ ቦታውን «ዌንት» ወስዶት ነበር። ስለዚህ «ጎ» ኃላፊ ጊዜውን ሁለት ጊዜ ከሌላ ተበድሯል ማለት ነው። በስኮትላንድ ግን ሌላ መንገድ መረጡ፤ ከራሱ ከግሱ «ጌድ» የሚል ሥርዓቱን የጠበቀ ኃላፊ ሠሩለት።

ልጁን የተነጠቀው «ዌንድ» ምን ሆነ? አዲስ ኃላፊ ጊዜ ወለደ፤ «ዌንድድ»። ዛሬ በአንድ ሐረግ ውስጥ ብቻ ነው እስትንፋሱ ያለው፦ «ዌንድ ዋንስ ዌይ»፣ መንገድን ቀስ ብሎ፣ አልፎም ዞር ዞር እያሉ መጓዝ። ዘመዶቹ ግን አሁንም ሥራ ላይ ናቸው፤ «ዋይንድ» (ጠመዘዘ፣ ጠመጠመ) እና «ዋንደር» (ተንከራተተ)። ሁሉም ውስጥ መዞር አለ።

«እንግሊዝኛ ጉድ ነው» ከማለታችን በፊት ግን የራሳችንን እንይ። «መጣ» ብለን ስናዝ «ምጣ» ማለት ነበረብን፤ «ውጣ» እንደምንለው። ማንም አይለውም፤ «ና፣ ነይ፣ ኑ» ነው የምንለው። «አትምጣ» ስንል ግን የመጀመሪያው ግስ ተመልሶ ይመጣል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ግእዙም «መጽአ» ይልና ሲያዝ «ነዓ» ይላል። «ነው» ኃላፊው «ነበር» መሆኑም ያው ነው። ፈረንሳይኛ «መሄድ»ን ለመግለጽ ቢያንስ ሁለት የላቲን ግሶችን አንድ ላይ ሰፍቷል። ስፓኒሽኛማ «ሄድኩ» እና «ነበርኩ» ለማለት የሚጠቀመው በአንድ ቃል ነው፤ «ፉዊ»።

ይህ የሚደርሰው ለምን ሁልጊዜ በተዘውታሪዎቹ ግሶች ላይ ይሆናል? ምክንያቱም ብዙ የሚባል ቃል ቶሎ ስለሚያዝ ሥርዓቱን ሳይጠብቅም ይኖራል፤ አልፎ አልፎ የሚባል ቃል ግን ተናጋሪው ስለሚረሳው በደንቡ ያስተካክለዋል። በእንግሊዝኛ አፋቸውን የሚፈቱ ሕፃናት መጀመሪያ «ዌንት» ይላሉ፤ የሰሙትን መድገማቸው ነው። ቆይተው «ጎድ» ማለት ይጀምራሉ፤ መልሰው ወደ «ዌንት» ይመጣሉ። መካከል ላይ የታየው ስሕተት ደንቡ የገባቸው ዕለት የመጣ ነው። እናም ተማሪዎ «ጎድ» ብሎ ቢጽፍ ያርሙት እንጂ አይቆጡት፤ ደንቡን ይዟል፣ የቀረው ይህን አንድ ቃል ከደንቡ ማውጣት ነው።

ጥያቄ፦ «ካርጎ»፣ «ጋንግ» እና በጥቁርና በነጭ ጠጠር የሚጫወቱት «ጎ» ከዚሁ ግስ የመጡ ናቸው?

መልስ፦ ከሦስቱ አንዱ ብቻ። «ካርጎ» ከስፓኒሽኛ «ጫነ» ከሚለው ግስ ነው፤ ጭነት ቢሄድም ባይሄድም ካርጎ ነው። የጨዋታው ስም ጃፓንኛ ነው። «ጋንግ» ግን የቅርብ ዘመድ ነው፤ መጀመሪያ ራሱ «መሄድ፣ አካሄድ» ማለት ነበር፤ ከዚያ «አብረው የሚሄዱ ነገሮች»፣ ከዚያ «አብረው የሚሠሩ ሰዎች ቡድን»፣ በኋላም «ወሮበሎች» ሆነ። የድሮው ትርጉም ከመርከብ መውረጃውና በመቀመጫዎች መካከል ካለው መተላለፊያ አልተለየም፤ ሁለቱም «ጋንግዌይ» ይባላሉ።

ጥያቄ፦ «ከሁለት ዓመት በፊት አየሁት» ለማለት «ቢፎር ቱ ይርስ» ብዬ ጽፌ በቀይ ተሰመረብኝ። «በፊት» «ቢፎር» አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ነው፤ ግን ለዚህ ቦታ አይደለም። የሚፈለገው «ቱ ይርስ አጎ» ነው፤ አሳማኙ ምክንያት ደግሞ ቃሉ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። «አጎ» ከ«ጎ» ጋር የሚዛመድ፣ «አለፈ፣ ነጎደ» የሚል የጥንት ግስ ነበር፤ «አጎን» ማለት «ያለፈ» ማለት ነው። «ቱ ይርስ አጎ» ያለው ሰው «ሁለት ዓመት አልፎታል» ብሏል። ስለዚህም ነው ከጊዜው ኋላ እንጂ ፊት የማይቆመው፤ መጀመሪያ ዓመቱ ይጠራል፣ ከዚያ ማለፉ ይነገራል።

ልዩነቱ የመነሻው ነው። «አጎ» ሁልጊዜ የሚቆጥረው ከአሁን ወደ ኋላ ነው። ቆጠራው ካለፈ ሌላ ድርጊት ከጀመረ ቃሉ ይቀየራል፦ «በ2010 ተመረቀ፤ ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት አባቱ ሞተው ነበር» ለማለት «ቱ ይርስ ቢፎር» ወይም «ቱ ይርስ ኧርሊየር»። እዚህም ቢሆን «ቢፎር» ከኋላ ነው የሚመጣው። «ቢፎር» ከፊት የሚቆመው የጊዜ ርዝመት ሳይሆን አንድ የታወቀ ነጥብ ሲከተለው ነው፤ «ቢፎር ሰንዴይ»፣ «ቢፎር ዘ ኤግዛም»።

አንድ ነገር እንጨምር፦ «አጎ» ካለ «ሃቭ» አይኖርም። «አይ ሃቭ ሲን ሂም ቱ ይርስ አጎ» ስሕተት ነው፤ «አይ ሶው ሂም ቱ ይርስ አጎ» ይበሉ። ጊዜው ተቆርጦ ካለፈ ግሱም ተራ ኃላፊ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር እሠራለሁ። ከስብሰባ ብድግ ብዬ ስወጣ «አይም ካሚንግ» ስል ግራ ተጋብተው ያዩኛል። ስልክ ላይም «ኦኬ፣ አይ ዌንት» ስል ይስቃሉ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ሁለቱንም በአማርኛ አስበዋቸዋል፤ ብዙዎቻችን የምንሠራው ስሕተት ነው።

አማርኛ ሊሆን ያለውን ነገር እንደተፈጸመ አድርጎ መናገር ይወዳል። ሲጠሩን ከወንበራችን ሳንነሣ «መጣሁ!» እንላለን። ልንወጣ ስንል «በቃ፣ ሄድኩ» እንላለን። ለጥቂት ደቂቃ ዞር ስንልም «መጣሁ» ብለን እንወጣለን፤ «ሄጄ እመለሳለሁ» ማለታችን ነው። ገና መንገድ ላይ ሆነን «ደረስኩ፣ ደረስኩ» ማለታችንንማ ሁሉም ያውቀዋል። እንግሊዝኛው ይህ ልማድ የለውም። «አይ ዌንት» ካሉት ድርጊቱ አልቋል፤ የሄደ ሰው ደግሞ እንዴት አሁን ያናግረኛል ብሎ ነው የሚስቀው።

እያንዳንዱን በቦታው ሲያስቀምጡት እንዲህ ይሆናል። ተጠርተው ወደ ጠራዎት ሰው የሚሄዱ ከሆነ «አይም ካሚንግ»፤ «አይ ኬም» አይባልም። ዞር ብለው የሚመለሱ ከሆነ «አይል ቢ ራይት ባክ»። ጨርሰው የሚሄዱ ከሆነ «አይም ጎዊንግ»፣ ቀለል ሲል «አይም ኦፍ»፣ በትሕትና ሲሆን «አይ ሃቭ ቱ ጎ»። ስልክ የሚዘጉ ከሆነም ይኸው የመጨረሻው ይሠራል። «ደረስኩ» ላሉት ደግሞ «አይም ኦልሞስት ዜር»፤ ይህኛው እንኳ እውነት ከሆነ ነው።

አቅጣጫውን በተመለከተ ግን አማርኛው አያሳስትዎትም። «ካም» ወደ ተናጋሪው ወይም ወደ ሰሚው መቅረብ ነው፤ «ነገ ቤትህ እመጣለሁ» እንደምንለው። «ጎ» ደግሞ ሁለቱም ወደሌሉበት መራቅ ነው። ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች የተደናገሩት ለዚህ ነው፤ በእግርዎ እየራቁ በአፍዎ «ወደናንተ እየቀረብኩ ነው» አሏቸው። «ብሪንግ» እና «ቴክ» (አመጣ፣ ወሰደ) የሚለያዩትም በዚሁ መስመር ነው።

ጥያቄ፦ «ሂ ሃዝ ጎን ቱ ለንደን» እና «ሂ ሃዝ ቢን ቱ ለንደን» ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሦስተኛ ደግሞ «ሂ ኢዝ ጎን» የሚል አየሁ።

መልስ፦ የመጀመሪያው «ለንደን ሄዷል» ነው፤ አሁን እዚያ ነው ወይም መንገድ ላይ ነው። ሁለተኛው «ለንደን ሄዶ ያውቃል» ነው፤ ተመልሷል። መለያው ቀላል ነው፤ ሰውየው አጠገብዎ ቆሞ ከሆነ «ጎን» ሊባል አይችልም። በዚህም የተነሣ «አይ ሃቭ ጎን ቱ ለንደን» ስለ ራስ ሲባል ብዙ ጊዜ ያስቃል። ሥራ ማመልከቻ ላይ «እነዚህን አገሮች ጎብኝቻለሁ» ለማለት የሚፈለገው «ቢን» ነው።

ሦስተኛው አሮጌ ሥርዓት ነው። እንግሊዝኛ ድሮ የእንቅስቃሴ ግሶችን ከ«ሃቭ» ጋር ሳይሆን ከ«ኢዝ» ጋር ያጣምር ነበር፤ በ1611 በታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ትንሣኤው «ሂ ኢዝ ሪዝን» የሚለው ከዚያ ነው። ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ዛሬም እንዲያ ያደርጋሉ። ከእንግሊዝኛው ግን የቀረው ይህ ርዝራዥ ነው፤ ትርጉሙም ከጉዞው ይልቅ መታጣቱ ላይ አርፏል። «ሂ ኢዝ ጎን» የሚል ሰው ወዴት እንደሄደ አልነገረንም፤ እንደሌለ ነው የነገረን። ቦርሳዎ ከኪስዎ ሲጠፋ «ማይ ዋሌት ኢዝ ጎን» ነው የሚሉት፤ «ሃዝ ጎን» ካሉ በራሱ እግር የወጣ ያስመስለዋል። ስለሞተ ሰውም ቃሉን አለዝቦ መናገሪያ ነው።

«አይ ሃቭ ዌንት» የሚል ከሰሙ በአንዳንድ አካባቢ ይነገራል፤ በጽሑፍና በፈተና ግን ነጥብ ያስቀንሳል። ከ«ሃቭ» በኋላ «ጎን» ነው።

ጥያቄ፦ «ኢትስ ጎዊንግ ቱ ሬይን» ሲባል ዝናቡ የት ነው የሚሄደው? በተረፈ «ጎና» ብሎ መጻፍ ይቻላል?

መልስ፦ የትም አይሄድም፤ ጥያቄዎ ግን ትክክለኛውን ቦታ ነክቷል። «ጎዊንግ ቱ» መጀመሪያ የምር መሄድ ነበር። «ላየው እየሄድኩ ነው» ያለ ሰው ሁለት ነገር ነግሮናል፤ እግሩ እየተንቀሳቀሰ እንደሆነና ሊያየው እንዳሰበ። ከ1400ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባሉት ዘመናት እግሩ ተረሳና ሐሳቡ ብቻ ቀረ። ቀጥሎ ሐሳብም የሌለው፣ እግርም የሌለው ዝናብ ጭምር «ጎዊንግ ቱ» ይባልለት ጀመር፤ ያኔ ቃሉ ሙሉ በሙሉ የትንቢት ጊዜ ምልክት ሆኗል ማለት ነው። ፈረንሳይኛና ስፓኒሽኛም የራሳቸውን «መሄድ» ለዚሁ ሥራ አውለውታል። አማርኛ ለዚህ መሄድ አላስፈለገውም፤ «ሊዘንብ ነው» ይበቃዋል። «ጎዊንግ ቱ»ን ሲተረጉሙ የሚቀርበው ቃልም ይኸው «ሊ… ነው» ነው።

ይህን ካወቁ «አይም ጎዊንግ ቱ ጎ» ትክክል የሆነበት ምክንያት ይገባዎታል፤ አንደኛው ምልክት ነው፣ ሁለተኛው ግስ፤ «ልሄድ ነው»።

ከ«ዊል» ጋር ያለው ልዩነት ፈተና ላይ ይመጣል። ውሳኔው ከመናገርዎ በፊት ካለቀ ወይም ማስረጃው ዓይንዎ ፊት ካለ «ጎዊንግ ቱ»፤ ደመናው ጠቁሯል፣ ትኬት ተቆርጧል። ውሳኔው እየተናገሩ ሳሉ ከተወለደ «ዊል»፤ ስልክ ሲጮህ «እኔ አነሣዋለሁ» ለማለት «አይል ጌት ኢት»። እዚህ ላይ «አይም ጎዊንግ ቱ ጌት ኢት» ካሉ ስልኩ እንደሚደወል ቀድመው ያውቁ ይመስላል።

«ጎና» የአፍ ንግግር ነው። በመልእክትና በወዳጅ ደብዳቤ ያስኬዳል፣ በማመልከቻና በድርሰት አያስኬድም። ደግሞም የሚያጥረው የትንቢቱ «ጎዊንግ ቱ» ብቻ ነው። «አይም ጎና ስሊፕ» ይባላል፤ «አይም ጎና ዘ ማርኬት» ግን ጨርሶ አይባልም። ከኋላው ግስ ካለ ያጥራል፣ ቦታ ካለ አያጥርም። ሁለቱ «ጎዊንግ ቱ» ድሮ አንድ፣ ዛሬ ግን ሁለት ቃል መሆናቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ወተት «ጎዝ ባድ»፣ ሰው «ጎዝ ማድ»፣ ኩባንያ «ጎዝ ባንክረፕት»። ታዲያ «ሂ ዌንት ኦልድ» ስል ለምን ተሳሳትክ ተባልኩ?

መልስ፦ «ጎ» ከቅጽል ጋር ሲሆን «ሆነ» ማለት ነው፤ ግን ማንኛውንም መሆን አይቀበልም። አብዛኛውን ጊዜ ከነበረበት ደኅና ሁኔታ መውጣትን ነው የሚፈልገው፤ መበላሸት፣ ማበድ፣ መታወር፣ መደንቆር፣ መመለጥ፣ መጥፋት፣ መክሰር። ወደ ጥሩው ሲሆን ብዙ ጊዜ «ካም» ይመጣል፤ ሕልም «ካምዝ ትሩ»፣ ነገር ግን «ጎዝ ሮንግ»። ተናጋሪው ራሱን ደኅናው ቦታ ላይ አቁሞ፣ የራቀውን «ሄደ»፣ የቀረበውን «መጣ» ይለዋል። አማርኛውም ይህን ስሜት ያውቀዋል፤ «እየባሰበት ሄደ» እንላለን፣ «እየተሻለው መጣ» እንላለን፤ በኛ ግን የጠበቀ ሕግ አይደለም።

ከዚህ የሚያመልጡ ሁለት ወገኖች አሉ። ቀለም ክፉም ደግም ሳይል «ጎ» ይቀበላል፤ ፊት «ዌንት ሬድ»፣ ፀጉር «ዌንት ግሬይ»። ድንገተኛ ለውጥም እንዲሁ፤ ክፍሉ «ዌንት ኳየት»። በአንጻሩ ማርጀት፣ መድከምና መታመም መጥፎ ቢሆኑም «ጎ»ን አይወዱም። «ጌት ኦልድ» ወይም «ግሮው ኦልድ»፣ «ጌት ታየርድ»፣ «ፎል ኢል» ነው የሚባለው። ለምን ቢሉ ሙሉ ምክንያት የለውም፤ እነዚህን ሦስቱን ለይቶ መያዝ ነው።

ጥያቄ፦ «ጎ ቱ ስኩል» ትክክል፣ «ጎ ቱ ሆም» ስሕተት፣ «ጎ ቱ ሾፒንግ» ስሕተት። ይህ «ቱ» መቼ ነው የሚገባው?

መልስ፦ «ቱ» «ወደ» ነው። ቃሉ ራሱ አቅጣጫ ከያዘ ሁለተኛ «ወደ» አይጨመርበትም። «ሆም» በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ወደ ቤት» የሚል ተውሳከ ግስ ሆኖ ያገለግል ነበር፤ ያው መብቱ አልተነሣበትም። «ሂር»፣ «ዜር»፣ «አብሮድ»፣ «አፕስቴርስ» ተመሳሳይ ናቸው። ባለቤት ከመጣ ግን «ሆም» ተራ ስም ይሆንና «ቱ» ይመለሳል፦ «ጎ ቱ ሂዝ ሆም»።

«ጎ ሾፒንግ» ሌላ ታሪክ አለው። ድሮ «ጎ አ-ፊሺንግ» ይባል ነበር፤ «አ» የ«ኦን» ቅሪት ነች። መስተዋድዱ ስለነበረ «ቱ» አላስፈለገም፤ ቅሪቷ ስትወድቅ ቦታዋን የተካ አልተገኘም። ከዚሁ የሚመጣው ብዙ ሰው የሚስተው ነገር የቦታው መስተዋድድ ነው። «ወንዝ ልዋኝ ሄድኩ» ለማለት «አይ ዌንት ስዊሚንግ ቱ ዘ ሪቨር» ይባላል ብለን እንገምታለን፤ ትክክሉ «ኢን ዘ ሪቨር» ነው። መስተዋድዱን የሚመርጠው «ጎ» ሳይሆን ዋናው ነው፤ የሚዋኘው ወንዝ ውስጥ ነዋ። ለገበያም «ሾፒንግ አት» ወይም «ኢን» ነው። ይህ አሠራር ለመዝናኛ፣ ለስፖርትና ወጣ ተብሎ ለሚሠራ ነገር ነው፤ «ጎ ስተዲዪንግ»፣ «ጎ ሪዲንግ» አይባልም።

«ሄደህ ንገረው» ለማለት ደግሞ «ጎ ኤንድ ቴል ሂም» ነው፤ አሜሪካኖቹ «ኤንድ»ን ጥለው «ጎ ቴል ሂም» ይላሉ። ማሳጠሩ የሚቻለው ግን «ጎ» ምንም ሳይጨመርበት ሲቀር ብቻ ነው። «ሂ ጎዝ ቴል»፣ «ሂ ዌንት ቶልድ» የሚል ነገር የለም፤ «ሂ ዌንት ኤንድ ቶልድ»።

ጥያቄ፦ ማንቂያ ደወሉ «ዌንት ኦፍ» ሲባል ጮኸ ነው፤ መብራቱ «ዌንት ኦፍ» ሲባል ጠፋ ነው። አንድ ሐረግ እንዴት ማብራትም ማጥፋትም ይሆናል?

መልስ፦ «ኦፍ» መለየት፣ መላቀቅ ነው። ጥያቄው «ከምን ተላቀቀ?» የሚለው ነው። መብራት የሚላቀቀው ከሥራው ነው፤ ስለዚህ ይጠፋል። ጠመንጃ፣ ቦንብና ማንቂያ ደወል ግን ተወጥረው፣ ተይዘው የሚጠብቁ ነገሮች ናቸው፤ ከያዛቸው ነገር ሲላቀቁ ይተኩሳሉ፣ ይፈነዳሉ፣ ይጮኻሉ። ወተት በብሪታንያ እንግሊዝኛ «ዌንት ኦፍ» ከተባለ ከደኅንነቱ ተላቋል፤ ተበላሽቷል። አንድን ሰው ወይም ምግብ «አይ ዌንት ኦፍ ኢት» ካሉ ድሮ ይወዱት ነበር፤ አሁን ስሜትዎ ተላቋል።

የደወሉ ነገር ግን ችግር ያመጣል። «ዘ አላርም ዌንት ኦፍ» ያለዎትን ሰው «ዝም አለ» ብለው ተረድተው እሳት ባለበት ሕንፃ ውስጥ እንዳይቀመጡ። ዝም ማለቱን የሚነግርዎ «ዘ አላርም ስቶፕድ» ብሎ ነው የሚነግርዎ።

ጥያቄ፦ «ፎርጎ» አንዳንዴ ከ«አር» በኋላ «ኢ» ይጨመርበታል፣ አንዳንዴ አይጨመርም። የትኛው ነው ልክ?

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ግሶች ናቸው። ያለ «ኢ» የሚጻፈው «ተወ፣ ይቅርብኝ አለ» ነው፤ መነሻው «ፎርጌት» እና «ፎርቢድ» ላይ ያለው ቅጥያ ነው። ከ«ኢ» ጋር የሚጻፈው «ቀደመ» ነው፤ «ቢፎር» ውስጥ ካለው ክፍል ጋር አንድ ነው። «ፎርጎን ኮንክሉዥን» (አስቀድሞ የታወቀ ውጤት) የሚጻፈው በ«ኢ» የሆነው ለዚህ ነው። መዝገበ ቃላት ዛሬ «ተወ» ለሚለውም በ«ኢ» መጻፉን ይፈቅዳሉ፤ እኛ ግን ለይተው እንዲጽፉት እንመክራለን። የሁለቱም ኃላፊ ጊዜ «ፎርዌንት» ነው፤ «ዌንት» እዚህም ተከትሎ ገብቷል፤ እምብዛም ስለማይባል ግን አብዛኛው ጸሐፊ «ጌቭ አፕ» ብሎ ያልፈዋል።